አንቺ የጣፍሽው ድንኳን

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ ሰንባቹ እኔ ነኝ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። የጎረቤታችን ልጅ እኔ ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር፤ የእኔና ያንቺን ጨዋታ ሌላ ሰው ምን አገባው ብዬ መለስኋት። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ እንደ አሮጌ ሐዲድ ይጣመማል። በማታ ትምህርት አጠገቤ ተቀምጠሽ በክርንሽ እየጎሰምሽ ያስጨረስሽኝ ነውና፣ ከጠመመ ያንቺም ጥፋት አለበት።

ቤቱ እንዳለ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎችሽ ይንጫጫሉ። አንዱ ወድቆ ተሰበረ፤ የቀሩትን ከቦታቸው አላነሳሁም። ጓሮሽን ዳዋ ውጦታል። ልጃችን ሳሪስ ወስዳ ልታኖረኝ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ እንደ አመጣጧ እመልሳታለሁ።

ልነግርሽ የተነሳሁት ግን ስለ እድሩ ድንኳን ነው። ሐዲድ ከመጠገን በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠባቂው እኔ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ።

ከአዋሽ ወዲያ ያለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ደራሽ ውሃ ገብቶ መንደሯን ጠረጋት። እዚያስ ጠብታም አልጣለም አሉ፤ ደጋ ዘንቦ ነው ተኝተው ያገኛቸው። አንቺ የነበርሽበት ማኅበር ተነሳ፤ ሴቶቹ በሶና ዳቦ ቆሎ አሰናዱ፤ ብርድ ልብስ ተሰበሰበ። የንስሐ አባታችን እቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ወድቋል፣ ድንኳኑን ይዘህ አብረኸን ሂድ አሉኝ። እኔ የአገልግሎት ሰው አይደለሁም፤ ለቅዳሴም ከበር የማልዘልቅ ነኝ። የሄድሁት አንቺ ብትኖሪ ፉርጎው ላይ ቀድመሽ ስለምትገኚ ነው። ደግሞም ያን ድንኳን ያለ እኔ አስተካክሎ የሚተክለው የለም።

ላንቺም የተከልሁት እኔ ነኝ። ሐዘንተኛ ባል ካስማ ይመታል ወይ ብለው አሙኝ። ጎረምሶቹ ገመዱን አላልተውት እንዴት ዝም ልበል? ጥጉ ላይ በሰማያዊ ክር የጣፍሽውን እራፊ ያየሁት ያን ቀን ነው። የራስሽን የለቅሶ ጣሪያ ራስሽ ጥፈሽ ሄድሽ።

ባቡሩ ከጣቢያዋ ወዲህ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አፈሩ ተበልቶ ሐዲዱ እንደ መሰላል አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በእግር ተሻገርን። ሰዉ ግራር ስር ተኮልኩሏል፤ ጭቃው ፊታቸው ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ሴቶቹ በሶ በጠበጡ፣ እኔ ከጣቢያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ድንኳኑን ተከልሁ። ምሰሶው ቀጥ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ጩኸት ሰማሁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ሮጣ መጣች።

«የት አገኛችሁት?» አለችኝ።

አስካለ፣ ማናችንም አላሰብንም። ቄሱም፣ ማኅበሩም፣ እኔም። ሰው የጠፋበት አገር ሄደን፣ ገና የሚጠብቅ ሰው ፊት የለቅሶ ድንኳን አቆምን። ሁሉም የየራሱ ሰው ሬሳ የተገኘ እየመሰለው ደረቱን ይደቃ ጀመር። እኔ መዶሻ ይዤ ቆምሁ።

ለመጠለያ ነው ብለው ቄሱ መስቀል ይዘው አስረዱ። ለቅሶው በረደ፤ ፀሐዩም አያስቆምም ነበርና ቀስ በቀስ ገቡ። ሴትዮዋ ግን አልገባችም። ብርቄ ትባላለች። ባሏ የሐዲድ ጠባቂ ነው፤ ውሃው ሲመጣ ድልድዩን አያለሁ ብሎ ፋኖስ ይዞ እንደ ወጣ ቀረ። እዚያ ውስጥ ከተቀመጥሁ በገዛ እጄ ቀበርሁት ማለት ነው አለች። በሶውንም እዝን ነው ብላ መለሰችው።

በነጋታውም ያው። የድንኳኑን ጎን ገለጥሁላት። የሰርግ ዳስ እንዲመስላት ብዬ ቅጠል ጣል ጣል አደረግሁበት። አየችውና ሙሽራዋስ የት አለች ብላ አሾፈችብኝ፤ ግን አልገባችም። እኔን የሚያህል ግትር ያን ቀን አየሁ። የሕፃኑ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ማልቀሱንም ትቷል። ሴቶቹ ልጁን እንኳ ስጪን ቢሏት አጥብቃ አዘለችው።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ባርኔጣዬን ለሕፃኑ ጋረድሁለት። የሐዲድ ሰው መሆኔን ሰምታ ኖሮ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ውሃ የወሰደው ሰው ስንት ጣቢያ ወርዶ ይወጣል ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሐኪሙም፣ ልጃችንም፣ እኔም ትድኛለሽ ስንልሽ፣ አንቺ ባቄላ እየፈለፈልሽ፣ ይህን ክረምት አልሻገርም፣ ሳይገባ ጣሪያውን አስጠግን አልሽኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። በዚያ ቤት እውነቱን የተናገርሽ ግን አንቺ ብቻ ነበርሽ።

«ልጄ፣ አይመጣም» አልኋት።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞ ነው። እኔ በቀትር፣ ብቻዬን፣ ሜዳ ላይ ነገርኋት። ቄሱ ሲሰሙ ምን ቸኮልህ፣ ተስፋዋን ነጠቅሃት አሉኝ። ተስፋዋ ልጇን ሊገድልባት ነው አልኋቸው።

ብርቄ አልጮኸችም። ተነሳች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ አንቺ ከጣፍሽው እራፊ ስር ተቀመጠች፤ ልጇን አወረደች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። በሶውን ተቀብላ ለልጁ በጣቷ አቀመሰችው። እስክንመለስ ድረስ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። የባሏም ሬሳ አልተገኘም።

ተጽናንታለች እንድልሽ ትፈልጊ ይሆናል። አላየሁም። ሐዲዱን ይጠግኑታል፤ ሌላ ጠባቂ ይቀጥራሉ፤ ውሃው ሲመጣ እሱም ፋኖስ ይዞ ይወጣል። ይዘን የሄድነው በሶ እኛ እዚያው ሳለን አለቀ።

ድንኳኑን ትቼላቸው መጣሁ። እድርተኛው ተንጫጫብኝ፤ አንተ ስትሞት የት ተቀምጠን ልናለቅስልህ ነው አሉኝ። ፀሐይ ላይ ተቀመጡ አልኋቸው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ከሞጆ ሽንኩርት ጭነሽ በማታው ባቡር ስትመለሺ፣ አቃቂ ጣቢያ ሐዲድ የምመረምር መስዬ እጠብቅሽ ነበር፤ ስትወርጂ ከረጢቱን እቀበልሻለሁ። አሁንም ፊሽካውን ስሰማ ከዘራዬን አንስቼ እወጣለሁ። የወረደው ሰው ሁሉ እስኪያልፍ እቆማለሁ። ለዚያች ሴት አይመጣም ያልሁት እኔ ነኝ። ባቡሩ እስካለ፣ እግሬም እስከቻለ ድረስ እወጣለሁ። እንደማትወርጂ አውቃለሁ፤ ከረጢትሽን የሚቀበል ሰው ግን ከጣቢያው አይጠፋም።