ንጉሡ ሠ

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ እንደ ልማድህ ሳትናገር ችለኸዋል? እኔ ደህና ነኝ። የደብዳቤ ወግ እንዳይመስልህ፤ በጣም ደህና ነኝ። ዕድሜህን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ስሕተት ስትለቅም ኖረህ፣ ጡረታ ብትወጣም እጅህ አላረፈም፤ ይህንንም በቀይ እስክሪብቶ አርመህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ የምትከበው ደግሞ ከታች ያለውን የገዛ ስሜን ነው። ስለዚህ ዛሬ ፊደሎቼን እየመረጥኩ ነው የምጽፈው።

ሥራሽ ምንድን ነው እያልክ ትጠይቀኝ የለ? ከግትር ማሽን ጋር መነታረክ ነው። ኮምፒውተር ያልከውን እንጂ ያሰብከውን አይሰማም። ስም ጽፈህ መጨረሻው ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ካስከተልክ ይሄ ሌላ ሰው ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ስሕተቱን ለአለቃህ ላሳይ ስትል ደግሞ ጭምት ሆኖ ቁጭ ይላል፤ አለቃህ ዞር ሲሉ ይጀምረዋል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ ፕሮፌሰር ነው የምንለው፣ ሲቸግረው ችግሩን ለሻይ ኩባያው ያስረዳል። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሰው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መልሱ ይመጣለትና ኩባያውን አመስግኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። እስቅበት ነበር። አሁን ግን አንተን ኩባያዬ ላደርግህ ነው መሰለኝ።

ሰሞኑን የሆነውን ላጫውትህ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብብቷ ሥር እብጠት አገኘች። ክሊኒክ ሄደች፤ ሐኪሟ በመርፌ ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከችና በሳምንቱ ነይ አለቻት። እናቷን የወሰደው በሽታ የጀመረው እንዲሁ በእብጠት ነበር። ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። እናቷን ሲያስታምም የከረመበትን ያን የሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ዳግመኛ አይቀመጥበትም ብላ ነው።

በሳምንቱ ሄደች። እንግዳ ተቀባይዋ ስሟን ጠይቃ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና ውጤትሽ አልደረሰም አለቻት። በማግስቱም ያው። በሌላው ሳምንትም ያው። ሰው መልስ ሲያጣ የሚያስበውን ታውቃለህ፤ ክፉ ነገር አይተው ነው የሚደብቁኝ አለች። እህል አልወርድ አላት። አንዱን መስመር አሥሬ ታነባለች። የአሳንሰሩን ቁልፍ መብራቱን እያየች ደጋግማ ትጫነዋለች። ይህን ሁላችንም እንደምናደርገው ልብ ብለሃል? አሳንሰሩ የሚያዝንልን ይመስል!

በመጨረሻ እንግዳ ተቀባይዋ ሰለቻትና ስክሪኑን አዞረችላት፤ ይኸው እዪው፣ እዚህ የለሽም አለቻት። ባልደረባዬም አየች። ስሟ የተጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። እሷም ስልኳ ላይ የምትጽፈው እንደዚያው ነው፤ ሠን ለማግኘት አንድ ቁልፍ ጨምሮ መንካት አለና ማን ይለፋል? አባቷ ያስመዘገባት ግን በንጉሡ ሠ ነው። መታወቂያዋም እንደዚያ ነው፣ ላቦራቶሪውም የገለበጠው ከመታወቂያዋ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሁለት ፊደሎች ለማሽኑ አይተዋወቁም።

እስኪ በንጉሡ ሠ ጻፊልኝ ብላ ለመነቻት። ልጅቷ ምን ለውጥ ሊያመጣ እያለች፣ እየተነጫነጨች ጻፈችው። ውጤቱ ከች አለ! ለካ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ሐኪሟ ተጠርታ መጣችና አነበበችው። የስብ እብጠት ነው፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም፣ ሂጂና ብዪ፣ ተኚም አለቻት። ባልደረባዬ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ለካ ርቧታል። እፎይ አባባ! ሰውነቴ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም፤ ስለ እሷ ማለቴ ነው።

አንድ ድምፅ ሁለት ፊደል ምን ያደርግለታል ብዬ ስከራከርህ እንዳደግኩ ታውቃለህ። ክርክሬን አልተውኩም። ጥፋቱ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መፈለግን ለማሽኑ ያላስተማረው ሰው ነው። ፕሮግራሙን ለሠሩት ልጆች ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እናስተካክላለን ብለዋል። አንተ ግን መጀመሪያ ሰው የገዛ ስሙን አስተካክሎ ይጻፍ እንደምትል ይሰማኛል። ስመጣ እንጨቃጨቅበታለን። የዕረፍት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሰሞኑን በደወልክ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነኝ እያልኩ የዘጋሁብህንም ያኔ እክስሃለሁ።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ፣ ዓይንህን ያቆይልኝ፣ ቀይ እስክሪብቶህም አይድረቅ። ሌላውን እንደ ፈለግህ አርመው፤ ስሜን ግን አትከበውም። ዛሬ ልክ ነው።

ልጅህ፣
በንጉሡ ሠ ያስመዘገብካት