ያልነበረው ቤዚስት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቤዝ ጊታር የሌለው ባንድ አለ እንዴ? የለም ብዬ ጉድ ሆንኩ። ጎረቤታችን ጊታሪስቱ ጋሽ ታምሩ ከኦርጋንና ከድራም ጋር የሠሩትን አዲሱን የጃዝ አልበም አሰምተውኝ፣ የሽፋኑን ጽሑፍ እንድሞክር ሰጡኝ፤ ከተመረቅኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ። ዛሬ ገርጂ፣ ልምምድ ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። «ቤዚስቱ ልብ ይሰርቃል» ስል ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ቤዚስቱ ይኸውልሽ» አሉ ጋሽ ታምሩ፣ ጫማ ያወለቀችውን የኦርጋኒስቷን የሰላምን ግራ እግር እያሳዩኝ። ለካ ቤዙን ፔዳል እየረገጠች የምትጫወተው እሷ ናት!

«ካልሲዬንም አመስግኚልኝ» አለችኝ።

ሥራው አመለጠኝ ብዬ ላለቅስ ስል ጋሽ ታምሩ «ጆሮሽማ አልተሳሳተም። አስተካክይና ላኪልኝ» አሉኝ።

አስተካክዬ በቴሌግራም ልኬያለሁ። ማየታቸውን ምልክቱ ያሳያል፤ መልሱ ግን ገና ነው። ጋሼ፣ በናትዎ፣ «ይሁን» ብቻ ብለው ይመልሱልኝ!