ወፍ ከወረደ ታይም ነው

ሐሙስ፣ ኦገስት 18

ጎረቤታችን ጋሼ ሬይ ሆስፒታል ገቡ። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል አሉ። ትልቋ ልጃቸው ከፐርዝ መጥታለች፤ ታናሽየዋ ነፍሰ ጡር ስለሆነች አልቻለችም። ምስኪን፣ ስልክ ላይ ስታለቅስ ነበር።

እዚህ ታርኔት ሰፈር ስንገባ መጀመሪያ በራችንን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ቤዝቦል የሚሉትንም ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው፤ የሜዳው የድሮ ዳኛ ናቸው። ልጄን ያቤጽን ላጫውት ሄጄ፣ "ቁጭ ብለሽ ከሚበርድሽ ዳኛ ሁኚ" ብለው አቆሙኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ... የሕጉን መጽሐፍ መች አንብቤ ጨረስኩት? እንግሊዝኛው ይከብዳል። ደግሞ ሜዳ ላይ ክርክር ሲነሳ ሁሉም "ሬይ ብሏል" ይላል፣ በቃ ያልቃል።

ጌታ ይማራቸው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 20

ምን ውስጥ ነው የገባሁት?

ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ የያቤጽ ቡድን። ነስሪን የምትባለው የኛዋ ትንሿ ሯጭ ወደ መጨረሻው ቤዝ፣ ነጥብ ወደሚያስቆጥረው ማረፊያ፣ ስትሮጥ ማግፓይ፣ ያ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ከባህር ዛፉ ተወርውሮ ወረደባት። ጫጩት ሲኖራቸው ሰው አያሳልፉም። ልጅቷ ራሷን ይዛ ቁጭ። እጄን አንስቼ "ታይም" አልኩ፣ ጨዋታው ይቁም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሌላው ቡድን ልጅ መጥቶ በኳሱ የነካት። በኳስ የተነካ ሯጭ ከሩጫው ይወጣል፤ ታይም ባልል ኖሮ ወጥታ ነበር። ወደ ነበረችበት ቤዝ መለስኳት... ቀጥሎ እሷው ገብታ ነጥብ አስቆጠረች፣ አሸነፍን።

የሌላው ቡድን አሰልጣኝ ብሬት መጽሐፉን ይዞ መጣ።

"ማንቴ፣ ስለ ወፍ የሚል የቱ ጋ ነው?"

"ሬይ ናቸው ያሉት። ወፍ ከወረደ ታይም ነው።"

"ሬይ መጽሐፍ ነው እንዴ?"

"አይደሉም። ግን መጽሐፉም ታርኔት አልኖረም።"

ሰው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። የውድድሩ ኮሚቴ ረቡዕ ያየዋል። ከፈረዱብኝ ጨዋታው ለነሱ ነው፣ እኔም ከዳኝነቱ እወጣለሁ። "ለገዛ ልጇ ቡድን አደላች" ብሏል አሉ። ያመመኝ ይሄ ነው።

እሑድ፣ ኦገስት 21

ከቸርች በቀጥታ ወደ ጋሼ ሬይ። ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ የወፉን ሕግ ከየት አመጡት?"

"ከየትም።" ትንሽ ተነፈሱ። "አንድ ዓመት የአንድ ልጅ ጆሮ ደማ፣ አስቆምኩ። በሳምንቱ ሌላ ዳኛም አስቆመ። ከዚያ ሕግ ነው አሉ።"

"ታዲያ ረቡዕ ምን ልበል?"

"እኔ አልነበርኩማ። አንቺ ነሽ የነበርሽው።" ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከለላዬ እኮ ነበሩ...

ማክሰኞ፣ ኦገስት 23

ባለቤቴ ብርሀነ፣ "ሬይ ብሏል በይና ውጪ፣ የታመመ ሰው ማን ይጨቀጭቃል?" ይለኛል። ያቤጽ ደግሞ "ኢትስ ፋይን፣ ማም።" ምኑ ነው ፋይን?

ረቡዕ፣ ኦገስት 24

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠየቀችኝ። "ያስቆምሽው ሬይ ስላለ ነው?"

"አዎ" አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"ስላየሁ ነው። ልጅቷ መጫወት ትታ ዓይኗን እየተከላከለች ነበር። የብሬት ቡድን ልጅ ብትሆንም አስቆም ነበር።"

ብሬት መሬት መሬት አየ። ሰብሳቢዋ መጽሐፉን ገልጣ አንድ መስመር አነበበች፤ ያልተጻፈውን ዳኛው ይወስናል ይላል። እዚያው ነበረ ለካ! ውጤቱ ጸና። የልጄን ቡድን ግን ከእንግዲህ እንዳልዳኝ። ይሁን፣ ተገቢ ነው... ትንሽ ከፋኝ እንጂ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። ጋሼ ሬይ ቤታቸው ገብተዋል፣ ድፎ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። ታናሽየዋ ልጃቸው ወንድ ወለደች፤ ፎቶውን በቫይበር አሳዩኝ፣ ቁርጥ እሳቸውን።

ብሬትም ሊጠይቃቸው መጣ። ትናንት ጎረቤት ሰፈር ሆፐርስ ክሮሲንግ የትንንሾቹን ጨዋታ ሲዳኝ ወፍ ቢወርድ ታይም ብሎ አስቆመ አሉ፣ ራሱ ብሬት። አንድ አባት "የት ተጽፏል?" ቢለው፣ "ማንቴ ብላለች" አለው። ጋሼ ሬይ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና፣ "እባብስ ሜዳ ቢገባ?" አለ።

ወደ ጋሼ ሬይ ዞርኩ። እሳቸው ደግሞ ዳቦአቸውን ይዘው እኔን ይጠብቃሉ።

"እስኪ ላስብበት" አልኩት።