ያረምሁት አዋጅ

ለልጄ ለኦለገር፣ ማርሴይ

የሞንሰራት እመቤታችን የምትረግጠውን ድንጋይ ሁሉ ታለስልስልህ። ወይኑ ተለቅሟል፤ እኔም ደኅና ነኝ። እኅትህ ግን በእኔ ምክንያት እህል አልቀምስ ብላለች።

በነሐሴ ገበሬዎቹ «ንጉሣችንን ከክፉ ሹማምንቱ እናድናለን» ብለው ሲነሡ፣ መሪያቸው በቅሎ ነጂው ኪርዘ አዋጁን ሊያስነብበኝ መጣ። «ንጉሥ» የሚለው ቃል እንኳ ተሳስቷል።

«አንተ! መጠሪያውን መጻፍ ለማታውቀው ሰው ነው የምትሞትለት?» አልሁት።

«እሜቴ፣ የጎደለንስ ባሩድ ነው እንጂ ፊደል አይደለም!» ብሎ ሳቀ።

አላስቻለኝም፤ አርሜ በገዛ እጄ ገለበጥሁለት። እርሱም በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፈው።

አሁን ንጉሡ ራሱ ጦር ይዞ መጥቶ «አመፀኞች» አላቸው። ኪርዘ ትናንት ተረሸነ። አንድ ሻምበል አዋጁን ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ጸሓፊውን ለመለየት ሰውን ሁሉ ያስጽፋል፤ ነገ ወደ እኛ ይመጣል። አርባ ዓመት ያስተማርኋቸው ጎረቤቶቻችን «ጸሎት እንጂ ጽሕፈት አታውቅም» ሊሉልኝ ተስማምተዋል። እኔም ብዕሩን ገልብጬ እይዛለሁ።

እግዚአብሔር የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። አደራ፣ ይህንንም የቀድሞዎቹንም ደብዳቤዎቼን አቃጥላቸው። ከእንግዲህ የምትጽፍልህ እኅትህ ናት፤ ስሕተት ብታገኝባት ይቅር በላት፤ እኔ ላርማት አልችልም።

እናትህ