በልብስ ቁልፍ የተተመነ ግብ ጠባቂ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፦

እንደምን ሰነበትክልኝ? ትከሻህ፣ ጉልበትህ፣ ከሁሉም በላይ ልብህ እንዴት ነው? የእማዬ ወገብ ተሻላት? አባባስ አሁንም ሳይነኩት ይቆጣል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለኝም። ከተሸነፋችሁ ወዲህ ስልክ አላነሳ ስላልክ፣ ደብዳቤዬን እንኳ ፊት አይነሳም ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ግብ ጠባቂነት በቃኝ ማለትህን እማዬ ነግራኛለች። የመልሱ ጨዋታ ሳይደርስ ይህችን ብቻ ስማኝ።

የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ማሽኖቹ ከየሸሚዙ ቁልፍ ሲነቅሉ ይውላሉ። ባለቤት ያጣውን ቁልፍ በጣሳ እናጠራቅማለን። መካኒካችን ታዲያ ለሁላችንም እኩል አደለና የኳስ ገበያ ከፈተ። መቶ ቁልፍ ጣሳው ውስጥ የጨመረ ሰው ሁለት ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ «ያሸንፋሉ»፣ ሌላው «አያሸንፉም» ይላል። ያመነበትን ይይዛል፣ ያላመነበትን ይሸጣል። ጨዋታው ሲያልቅ እውነት የሆነው ወረቀት መቶ ቁልፍ ያመጣል፤ ሌላው ተቀዶ ይጣላል። ዋጋ የሚቆርጥ አለቃ የለም። ገዢና ሻጭ የተስማሙበት በጠመኔ ማድረቂያው በር ላይ ይጻፋል። «ያሸንፋሉ» በሠላሳ ከተሸጠ፣ ቤቱ ከመቶ ሠላሳ ዕድል ሰጣቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ያለ ብልሃት አላየሁም። አንዷ አጥቂው ማነከሱን ሰምታለች፤ አንዱ ሜዳው መጨቅየቱን ያውቃል። እያንዳንዱ በሚያውቀው ልክ ሲገዛና ሲሸጥ የሁሉም እውቀት በአንዲት ቁጥር ይሰበሰባል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አይደል? ኳስ አዋቂ ነኝ ባዩ ሾፌራችን ቀኑን ሙሉ ለፍልፎ የሚስተውን፣ ቁጥሯ ብዙ ጊዜ ትቀርበዋለች። እሷም ትስታለች፤ ሠላሳ ዕድል ያለውም አንዳንዴ ያሸንፋል።

የእናንተን ጨዋታ ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሃያ ተከፈተ። ወንድሜን በሃያ! ደሜ ፈላና ያለኝን ቁልፍ ሁሉ አፍስሼ ገዛሁ፤ በእኔ ግዢ ብቻ ሠላሳ አምስት ገባ። የሸጠችልኝ ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ ናት፤ አፏ ከካውያዋ ይልቅ ይፋጃል። ምን የሰማሽው ነገር አለ አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። እሱማ ፍቅር ነው እንጂ ወሬ አይደለም ብላ ቁልፎቼን ሰበሰበች። ሁለት ለአንድ ስትሸነፉ ባዶዬን ቀረሁ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ተሳለቁብኝ።

ግን የቡድናችሁ ወጌሻ ጨዋታውን በስልክ ቪዲዮ ሲያስተላልፍ ሁሉም አብረውኝ አይተዋል። አንተ የገቡብህን ሁለቱን ትቆጥራለህ፤ እነሱ ያዳንካቸውን ሰባቱን ቆጠሩ። የመልሱ ጨዋታ በስንት ተከፈተ መሰለህ? በአርባ ስምንት! ቁልፍ ስለሌለኝ የእኔ እጅ የለበትም።

ሰኞ ዕለት ልታቆም መሆንህን ነገርኳቸው። ምሳ በልተን ሳንነሳ ዋጋው ሃያ ዘጠኝ ወረደ። ቡድኑ ያው ነው፣ ሜዳው ያው ነው፣ ተጋጣሚውም ያው ነው። የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ። አሥራ ዘጠኙ ቁልፍ አንተ ነህ፣ የእናቴ ልጅ! በኩራት አለቀስኩ። እኔ እህትህ ነኝ፤ ባሞግስህ አትመነኝ። እነሱ ግን ስምህን እንኳ በቅጡ አያውቁም።

እማዬን ጉልበቷን፣ አባባን ትከሻውን ሳሚልኝ ብለህ ለትንሿ እህታችን ንገራት፤ እሷንም ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችንን ሳሉ ይሻልሽ በልልኝ። ጎረቤቶቻችንንም በያሉበት ሰላም በልልኝ።

ይህን ስጨርስ ዋጋው ሠላሳ ሦስት ሆኗል። የገዛችው ያቺው ልብስ ተኳሿ ናት። ምን ሰማሽ ብላት፣ እንዲያ የሚወረወር ልጅ ቤቱ አይቀመጥም አለችኝ።

እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ረቡዕ ጥር ፲፬ ቀን