«ሳይታተም አይነገርም» ላሉት ለዶክተር አሥራተ ማርያም

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር አሥራተ ማርያም፣ በኮሌጁ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ዲን
ሰቆጣ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? ማታ ማታ ማንም ሳይጎድል በአንድ ገበታ እንደምትሰበሰቡ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ ቤት አንድ ሰው ስለጎደለ፣ ሰላምታዬን ስጀምር ቀድሞ የመጣልኝ ይኸው ሆነ። እኔ ሠርካለም እባላለሁ፤ በጋዝጊብላ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን የፌስቡክ ገጽዎን ስለምከታተል በየዐውደ ጥናቱ የሚያስሩትን ከረባት ሳይቀር ለይቼ አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ለጥራት ስላለዎት ጥንቃቄ። ባልደረባዎ መምህር ይሄይስ፣ የዚሁ የእኛ አገር የዝቋላ ልጅ፣ ወጣቶቻችን በአፋር በኩል ወደ ዓረብ አገር እንዴት እንደሚወሰዱ ሲያጠና ቆይቶ፣ የደረሰበትን በገጹ ላይ በአጭር በአጭሩ ይጽፍ ነበር። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ በድምፅ እየቀዳ በቴሌግራም ይለቅላቸው ነበር። ሰው ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል፤ ተሳስተሃል ይሉታል፣ ያርማል። አንድ ጊዜ ከስደት የተመለሰ የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ፣ ደላሎቹ እሱ የጻፈውን መንገድ ከተዉት መቆየታቸውን ቢጽፍለት፣ ይሄይስ እቤቱ ድረስ ሄዶ ጠይቆት፣ ጽሑፉን አስተካክሎና ያረመውን ሰው አመስግኖ መልሶ ለጠፈው። እኔም በየዋህነቴ ይህንን ምርምር ብዬው ነበር። ክቡርነትዎ ግን፣ በአቻ ያልተገመገመና በመጽሔት ያልታተመ ግኝት ለሕዝብ ማሰራጨት የተቋሙን ስም እንደሚያጎድፍ ጠቅሰው፣ የተለጠፈው ሁሉ እንዲነሣና የገጹ የይለፍ ቃል ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል እንዲሰጥ በደብዳቤ አዘዙ። ለደረጃ ዕድገትም ነጥብ እንደማያስገኝለት በአባትነት መከሩት። የተቋሙ ስም እስከ ዛሬ እንደጸዳ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፣ ለደላሎቹ ስላደረጉላቸው ውለታ። እነሱ በቲክቶክ በየቀኑ ይለጥፋሉ፤ ፎቁን፣ መኪናውን፣ ከነዘፈኑ። ለአቻ ግምገማ ቅረቡ ያላቸው፣ ምንጭ ጥቀሱ ያላቸው የለም። በዚያ መንደር እየገባ የሚሞግታቸው አንድ የተማረ ሰው ነበር፤ እሱን ስላስወጡላቸው ሥራቸው እጅግ ቀሎላቸዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቋንቋው። ይሄይስ ትእዛዝዎ ሲደርሰው ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ እንደነበር በኋላ አሳይቶኛል። አርእስቱ «ሳትከፍሉ ሂዱ የሚላችሁ ሰው፣ የሚሸጣችሁ ሰው ነው» ይላል። ለማንም እናት የሚገባ አማርኛ ነው። ይኸው ግኝት ከዓመት በኋላ በእርስዎ ስም ቀዳሚነት በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ ከገንዘብ ከፋይ በቀር ማንም እንዳያነበው ተቆልፎ፣ አጭር መግለጫው ብቻ ለእኛ ተረፈን። መግለጫው በዘገየ ክፍያና በተጋላጭነት መካከል አዎንታዊ ትስስር መኖሩን ያስረዳል። «አዎንታዊ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

አራተኛው ስለ እህቴ ስለ ጥሩሐረግ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቢያንስ ይቅር ይበሉኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሳይሆንላት ሲቀር ለእኔ የማትነግረኝን ለዚያ ገጽ ትነግር ነበር። ገጹ ላይ «በተቋሙ ትእዛዝ አገልግሎት አይሰጥም» የሚል ማስታወቂያ ብቻ በቀረበት ሰሞን፣ ከማስታወቂያው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መምህር፣ አሁን ምንም አትክፈይ፣ ስትደርሺ ሠርተሽ ትከፍያለሽ የሚለኝ ሰው አግኝቻለሁ። የአገራችን ልጅ ነው፣ ደግ ይመስላል። ልሂድ?»

ይሄይስ አላየውም፤ ገጹ ከእጁ ወጥቷል። ያየው የእርስዎ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል አንድ ሰው፣ ምናልባትም ለሁሉም እንደሚያደርገው ሳያነብ፣ በገጹ ስም አውራ ጣቱን ቀስሮ ላከላት። ለልጅቱ ጥያቄ ከተቋምዎ የተሰጠ ብቸኛ መልስ ይህ አንድ ላይክ ነው። ጥሩሐረግ ለጓደኛዋ ለውዴ፣ መምህሩ እሺ ብሎኛል አለቻት፤ በሁለተኛው ቀን ሄደች።

ከባሕሩ ማዶ ሆና አንድ ጊዜ ደውላለች። እያለቀሰች የእናቴን ስም ጠራች፤ ከኋላዋ የሰው ጩኸት ነበር፤ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን ከክብርዎ ጋር በሚስማማ አማርኛ እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም። እናቴ ፊደል ስለማትለይ ነገሩን አስረድቻት፣ የተላከውን ምልክት በስልኬ አሳየኋት። ብዙ አየችውና፣ ያንን ጣት ማጠፍ አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁንም እዚያው እንደተቀሰረ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሰብኳቸው ተራ ቁጥሮች ነበሩ፤ ተውኳቸው። አንድ ልመና ብቻ ላቅርብ። ከተማሪዎቼ አንዷ ባለፈው ሰሞን፣ ሳትከፍይ እወስድሻለሁ የሚላት ሰው እንዳገኘች ነግራኛለች። እኔ የማውቀውን ነገርኳት፤ ግን አንዲት ናት፣ እኔም አንዲት ነኝ። ለይሄይስ ገጹን ይመልሱለት። በእንግሊዝኛ የሚታተመው ይታተም፣ ነጥቡንም ይውሰዱት፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ልጆቹ በሚያነቡበት ቦታና በሚሰሙት ቋንቋ ቀድሞ ይድረስ። አውቆ ዝም ማለትን ጥራት አይበሉብን።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ማዕረግዎን ያልቀው እያልኩ፣ በክቡርነትዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፤ በአቻ ያልተገመገምኩ፣ በየትኛውም መጽሔት ያልታተምኩ፣ እህት አለችኝ ማለትን ግን ገና ያልተውኩ፣

ሠርካለም
ከጋዝጊብላ

ማስታወሻ፦ ለጥናቱ ሁለተኛ ዙር፣ ልጆቻቸው ተሰደው የጠፉባቸው ቤተሰቦች እንደሚፈለጉ በገጽዎ ማስታወቃችሁን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዙር ጠያቂዎችዎ ደጃችን ደርሰው፣ የሄደ ልጅ የለንም ስንላቸው ወደ ጎረቤት አልፈው ነበር። በክቡርነትዎ ትጋት አሁን መስፈርቱን አሟልተናልና፣ እንዳያልፉን።