ከመጉደል እስከ መፈለግ

ቢቸና፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ይርጋነሽ
ሞጣ

«ቤቱ ጎድሏል አላችሁኝ እንጂ ይፈልግሻል አላላችሁኝም። የጎደለውን ገበያ ወጥቶ ይሙላ።»

ይህን ብለሽ ሽማግሌዎቼን ባዶ እጃቸውን መልሰሻል። መሪጌታ ወልደ ኪዳን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍሁት፤ አላልሁም እንዳትዪ።

ጤናሽ እንዴት ነው? የሞጣ ብርድ የጉልበትሽን ሕመም እንዳይቀሰቅስብሽ እሰጋለሁ።

በእንግዶች ፊት ንግግሬን አረመኝ ብለሽ ተቀይመሽ ወንድምሽ ቤት ከገባሽ መስከረም አልፎ ጥር ሊያልቅ ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፤ በእሱ አልደራደርም። ዛሬ የምሟገትሽ በሌላ ነው። «ቤቱ ጎድሏል በሉልኝ» ብዬ የላክሁ እኔ ነኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በሽማግሌ አፍ «እፈልጋታለሁ» አያሰኝም።

ቤቱማ ምን ጎደለው? ሠራተኛችን አገሬ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፣ ታጥባለች። ጣሪያው ተጠግኗል። እራት ላይ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ የጀመርሁትን ነገር ሁሉ እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ምንም ያልጎደለውን ቤት ጎድሏል ካልሁ፣ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ሊገባሽ ይገባ ነበር።

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው «ዋንት» የሚባል የእንግሊዝኛ ግሥ አለ። ዛሬ «ፈለገ» ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ እንደ ተማርሁት ግን፣ ቃሉን ያመጡት ከሰሜን ባሕር ማዶ ተሻግረው እንግሊዝን የወረሩ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ አፍ «ጎደለ፣ ታጣ» ማለት ነበር። እንግሊዞችም መጀመሪያ የወሰዱት በዚሁ ፍቺው ነው። ሰው ግን የጎደለውን ሲያስብ ውሎ ሲያስብ ያድራልና፣ ቃሉም ቀስ በቀስ ወደ መሻት ዞረ።

ይህን ሁሉ ለመሪጌታ አስረዳኋቸው። ጋቢያቸውን እያጣፉ ሰሙኝና፣

«ከፊተኛው ፍቺ ወደ ኋለኛው እስኪደርሱ ስንት ዘመን ፈጀባቸው?» አሉኝ።

«አምስት መቶ ዓመት ያህል።»

«አንተስ ስንት አስበሃል? ሴትዮዋ እንደ ሆነች ያለችው ሞጣ ነው፣ ለንደን አይደለም!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ይርጋነሽ፣ እኔ አምስት መቶ ዓመት የለኝም። እፈልግሻለሁ። ይህን በማንም አፍ አልላክሁትም፤ በእጄ ጻፍሁት።

ወንድምሽን ከነልጆቹ ሰላም በይልኝ። እመ ብርሃን ከክፉ ሁሉ ትጋርድሽ፤ እንቅልፍሽንም ጤናማ ታድርግልሽ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ነው፤ መልሱንም ለእሱ ስጪው። «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚል ይበቃኛል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል የተላከ አልቀበልም። እስከ የካቲት ፲፮፣ እስከ ኪዳነ ምሕረት ድረስ እንዲደርሰኝ። ካልደረሰኝ በማግሥቱ ሞጣ እመጣና፣ ቁጭ ብዬ እያየሁሽ ትጽፊዋለሽ።

ባለቤትሽ
ኃይለ ጊዮርጊስ ፋንታ